በርህን የሚያንኳኳ ሰው

ለልጄ ለባርኮት፤ ዑራኤል በሄድክበት ሁሉ ይቅደምህ። እኔ አሁን ደህና ነኝ፤ ያስፈራኝ ያንተ ነገር ነው።

ወንጌል ልትሰብክ ሄደህ፣ «በር ሳንኳኳ እውላለሁ፣ የሚከፍትልኝ የለም፤ ከጎኔ ያለው ጎረቤት እንኳ ስሜን አልጠየቀኝም» ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሏል።

ባለፈው ሰኞ ትኩሳት ጥሎኝ ነበር። ጎረቤታችን ዘምዘም ከጊደር መጋላ ገበያ ስትመለስ በሬ እንደተዘጋ አይታ፣ «እማማ ለተማርያም፣ ወላሂ ካልከፈቱ እሰብረዋለሁ!» ብላ ጮኸች። ደግፋ ሐኪም ቤት ያደረሰችኝ እሷ ናት።

አንተ ብትወድቅስ ማን ያውቃል? ልጄ፣ ስብከቱ ይቆይና ነገ ለዚያ ጎረቤትህ፣ «በሬ ሳይከፈት ከረፈደ እባክዎ ያንኳኩልኝ» በለው። እግዚአብሔር ልቡን ያራራልህ። እሺ ካለህ ስሙን ጻፍልኝ፤ ካንተ አስቀድሜ እጸልይለታለሁ።

እናትህ ለተማርያም