እማዬ አልዘጋችብሽም፣ ባትሪው ነው

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ? ሆስፒታሉ የሌሊት ተራሽን ቀነሰልሽ ወይስ አሁንም እንደቆምሽ ታነጊያለሽ? ተቆጥቼ ነው የምጽፍልሽ፤ ሰላምታዬ ግን ከልቤ ነው፤ ቁጣዬም እንደዚያው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ከጆሮዋ በቀር ደህና ናት።

ብደውል ብደውል ስልክ አታነሺም። «እናቴ ፊቷን ካዞረችብኝ ምን ቀረኝ፣ ከእንግዲህ አልደውልም» የምትል አንዲት መስመር ልከሽ ጭጭ አልሽ። እሺ፣ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም ብዬ ይኸው ጻፍኩልሽ። አንብቢውና ከዚያ በኋላ ከቻልሽ ዝም በይ። እናትሽ አልዘጋችብሽም። የዘጋብሽ ባትሪው ነው።

የላክሽው ላፕቶፕ ለእማዬ ጌጥ አይደለም። ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ በስልክ የሚነገራት አይገባትም፤ የምትሰማሽ ከንፈርሽን እያየች ነው። የስልክ መስታወት ደግሞ ለዓይኗ ጠበባት። ላፕቶፑ ጆሮዋ ነው ማለት ነው። እስቲ በዚህ ቤት ይህ ጆሮ እንዴት እንደተያዘ ልንገርሽ።

እማዬ ቴሌቪዥኑንም ሬዲዮኑንም በእጇ በሠራችው ዳንቴል እንደምታለብስ ታውቂያለሽ። ላፕቶፑንም አለበሰችው። ጠፍቶ ቢሆን ይልበስ፣ ምን ቸገረኝ! እሷ ግን ቻርጅ እየተደረገ አልጋዋ ላይ፣ በዚያ ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ታስቀምጠውና ዳንቴሉን ደርባ ትሸፍነዋለች። ከሥር ብርድ ልብስ፣ ከላይ ዳንቴል! ወባ የያዘው ሰው እንኳ እንዲህ አይከናነብም። እጄን ሳሳርፍበት ይፋጃል። «እማዬ፣ ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ይተንፍስ» ስላት፣ «አቧራ ይብላው ነው የምትለኝ? ልጄ የላከችልኝ ዕቃ እኮ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ።

በዚህ ላይ አጎታችን አሉ። ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» የሚላቸው በወጣትነታቸው የሰው ሬዲዮ ይፈቱ ስለነበር ነው፤ መልሶ መግጠሙ እንዴት እንደሆነላቸው ባለቤቶቹ ይመስክሩ። እሳቸው ደግሞ «ባትሪ ተሟጦ ካላለቀ አቅሙን ይረሳል» የሚል ሕግ አወጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፑን ድርግም ብሎ እስኪጠፋ ያስጨርሱታል፤ ቀሪውን ሳምንት ደግሞ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ይከርማል። ይህ ለድሮ ባትሪ ነበር አልኳቸው። የዛሬው ባዶ መሆንንም አይወድ፣ መቶ ሞልቶ እንደተሰካ መክረምንም አይወድ፤ ሃያ በመቶ ግድም ሲደርስ ሰክቶ፣ ሰማንያ ግድም ሲደርስ መንቀል ነው ዕድሜ የሚሰጠው ብዬ አስረዳኋቸው። «አንተ ፊደል ሳትቆጥር እኔ ባትሪ እቀይር ነበር» አሉኝ። ሥራዬ የነጋዴ ሚዛን እየዞርኩ መፈተሽ ነው። የሰው ሁሉ ሚዛን ይታዘዘኛል፤ የቤቴ ሰው ግን አልታዘዝ አለኝ።

አንቺ የደወልሽ ዕለት መብራት ጠፍቷል። ባትሪው መቶ ይላል፤ ይዋሻል እንጂ፣ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። ልታገቢ መሆኑን፣ ሰውየው ሚስቱ የሞተችበት መሆኑን፣ አንዲት ትንሽ ልጅ እንዳለችው ነገርሻት። እማዬ ዝም አለች። አዎ፣ ዝም አለች! ከንፈርሽን አንብባ ነገሩን እስክታላምጥ ጊዜ ይወስድባታል፤ ድሮም ቢሆን መቼ ቶሎ መልሳ ታውቃለች? ልትናገር አፏን ስትከፍት ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

አንቺ ዘጋችብኝ አልሽ። እሷም «ዝም ስላት ከፍቷት ዘጋችብኝ» ትላለች። ባትሪው ነው ብዬ ባስረዳት ልታጽናናኝ ነው ብላ አታምነኝም። አጎታችን ደግሞ «ኔትወርክ ነው» ይላሉ። በሦስታችሁም ደሜ ፈልቷል፤ በአንቺ ግን ይብሳል። የገዛ እናትሽን ከመጠርጠርሽ በፊት ባትሪውን ብትጠረጥሪ ምን ነበረበት?

በማግስቱ ጥገና ቤት ወሰድኩት። የታችኛው ክዳን ሲከፈት ባትሪው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ተነፍቷል። እንዲህ ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ እናታችን ደግሞ አጠገቡ ትተኛለች! አጎታችን አብረውኝ መጥተው ነበርና «ስጡኝ፣ በመርፌ ወጋ አድርጌ ላስተንፍሰው» ብለው እጃቸውን ሲሰዱ፣ ጠጋኙና እኔ እኩል ጮኽንባቸው። አሁን አዲስ ባትሪ ገብቶለታል። ጠረጴዛ ላይ ራቁቱን ይቀመጣል። የምሰካውም የምነቅለውም እኔ ብቻ ነኝ፤ የተቀየመኝ ይቀየመኝ።

አሁን ያልሰማሽውን ልንገርሽ። ያን ዕለት ከጎኗ ነበርኩ። እማዬ መጥፋቱ ስላልገባት፣ ጥቁሩን መስታወት እያየች የጀመረችውን ጨረሰችው። «ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው?» አለች። መልስ ጠበቀች። ጮክ ብላ ደገመችው። ከዚያ ነው ወደ እኔ ዞራ «ዘጋችብኝ» ያለችው።

ከዚያ ወዲህ ክርና መርፌዋን ይዛ መስኮቱ ሥር ትውላለች። «ለላፕቶፑ ከሆነ እተረትረዋለሁ!» ብዬ ደነፋሁባት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ ሹራብ ነው አለችኝ፤ የልጅ ሹራብ። ጀርባውንና ደረቱን በግምት ሠርታ እጅጌው ላይ ቆማለች።

ስለዚህ ኩርፊያሽን ተዪና እሁድ ደውዪ። ላፕቶፑ ዝግጁ ነው፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። መጀመሪያ የልጅቱን ዕድሜ፣ ቀጥሎ የክንዷን ርዝመት ንገሪያት፤ ቀስ ብለሽ፣ ፊትሽን ወደ ብርሃኑ አዙረሽ። ዝም ካለችሽ ጠብቂያት።

እማዬ አልደወለችም እያለች ትነጫነጫለች፤ ይህንንም እንደ ሰላምታ ቁጠሪው። አጎታችን ኔትወርኩ ሲሻሻል ሰላም ይሉሻል። ባለቤቴ ቁጣዬን እንድትታገሺ ትማጸንሻለች። ለእጮኛሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ላፕቶፕ አልጋ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ከሆነ ግን ከወዲሁ አስታውቂኝ። ትንሿን ልጅ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ክንዷንም ለኪልኝ።

የተቆጣው ታላቅ ወንድምሽ

እናታችን ቤት፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 18 ቀን