ማሄን ጠብቁ

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ። ከቀኑ 6፡40

ጠዋት ሁሉም ነገር ባንዴ መጣ። ውሃ ጠፍቷል። ልጄ ምህረት ለፈተና አርፍዳ ጫማዋን ትፈልጋለች። ሽሮው ገነፈለ። በር ተንኳኳ። ኩሴ ነው፣ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ፣ ሲቀላ ሰፈር ሙዝ የሚያከፋፍለው። ባጃጅ በር ላይ አቁሞ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል።

አስቴር ደነገጠች። "የማን ልጅ ነው?" አለችው።

"የባልሽ። ሠላሳ ዓመት ጥሎት ጠፍቶ።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሳይፈታው አውቄዋለሁ። ባሪቶኑ ነው፣ ተማሪ ሳለሁ የምነፋው ትልቁ የናስ ጥሩምባ። ት/ቤቱ እንደ ቁራጭ ብረት ሊጥለው ሲል የባንድ አስተማሪያችን ጋሽ ደምሴ ቤታቸው ወስደው አስቀምጠውት ኖሯል።

ነገሩ ይሄ ነው፣ ደብተሬ። የጋሽ ደምሴ አርባ እሁድ በ16 ነው። የድሮ ተማሪዎቻቸው ሴቻ ሰፈር ግቢያቸው ውስጥ "ዳገቱ"ን ሊነፉ ነው። ማርሹን፣ የሰልፍ ዜማውን፣ ራሳቸው ነው የደረሱት። የባሪቶኑ ወረቀት እኔ ጋ ብቻ አለ። ኩሴ መልስ ፈለገ። ሥራ ረፈደብኝ ብዬ ወጣሁ። ይሄን የምጽፈው መ/ቤት ነው፣ ምሳ ሳልበላ።

የሚያሳስበኝ፦
1. የምህረት ፈተና
2. ጥርሴ፣ የላይኛው። ባሪቶን ይዞ እንዴት ይሆናል?
3. እንደገና ባበላሸውስ?

ሦስተኛውን አንደኛ ማድረግ ነበረብኝ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

ሥራ የለም። ቆርቆሮ ሳጥኑን አወረድኩ። ካርታ፣ የክትባት ካርድ፣ የአባቴ ፎቶ፣ ከስር ወረቀቱ። በራሴ እጅ የተገለበጠ ኖታ።

የጋሽ ደምሴ ሕግ እንዲህ ነበር፦
አንድ። ክፍያ የለም።
ሁለት። ሁሉም የራሱን ኖታ በራሱ እጅ ይገለብጣል፣ ቤቱ ያስቀምጣል። ሙሉው አንድ ላይ የተጻፈበት ወረቀት የለም። አንዳችሁ ከጎደላችሁ ማርሹ የለም ይሉ ነበር።
ሦስት። የተማረ ሁሉ በተራው ሌላ አንድ ሰው ያስተምራል፣ ዕዳው ይሄ ነው። የራስ ልጅ አይቆጠርም፣ እሱ ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ነው ይሉ ነበር።

ከወሎ የመጡ የሠራዊት ባንድ አምሳ አለቃ ነበሩ። መጀመሪያ ጋሞኛ አንድ ቃል አያውቁም። አንድ ቅዳሜ ጨንቻ ወጥተው አባቴ ሸማ ሲሠራ ግማሽ ቀን አጠገቡ ተቀመጡ። ያኔ ሸማኔ መሆኑን ለክፍል ልጆች አልናገርም ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን የመወርወሪያውን ምት ጻፉት፣ ወስደው ባሪቶኑ ላይ አደረጉት። ለኔ ሰጡኝ። ይሄ ያባትህ ነው አሉኝ።

ለት/ቤቱ በዓል ወላጅ ሁሉ መጣ። አባቴም ነጠላውን ለብሶ ከጨንቻ ወረደ። ትራምፔቶቹ አራት ባር፣ ማለትም አራት የምት ዙር፣ ይነፋሉ፣ ከዚያ እኔ እገባለሁ። እኔ ግን ስገለብጥ አራት በማለት ፈንታ ስምንት ባር ዕረፍት ብዬ ጽፌያለሁ። ስምንት እስክቆጥር ዝም አልኩ። ከበሮው ብቻውን ሄደ። ዘግይቼ ገባሁ፣ ሁሉም ተዘባረቀ። በነጋታው ባሪቶኑን መጋዘን አስቀምጬ ቀረሁ። ጋሽ ደምሴ ሁለት ጊዜ አስጠሩኝ። ተደበቅኩ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሳያቸው እሻገራለሁ። ሠላሳ ዓመት። ለቅሷቸው ላይም ድንኳን ጫፍ ተቀምጬ ቶሎ ወጣሁ።

ዛሬ ስምንትን በላጲስ አጠፋሁ። አራት ብዬ ጻፍኩ። ሁለቴ ቆጠርኩ። ለኩሴ ደወልኩ፣ እመጣለሁ አልኩ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ። ማታ 1፡30

ልምምድ ነበር፣ ጋሽ ደምሴ ግቢ። ከኔ ሌላ ሰባት ሰው። ሦስቱ ፀጉራቸው አልቋል፣ አንዱ ትንፋሽ የለውም። ባለቤታቸው ወ/ሮ ጽጌ ሙዝ ቆርጠው አቀረቡልን። ኩሴ፣ የኔን ሙዝ መልሰው ለኔ፣ እያለ አሳቃቸው።

ጀመርን። ትራምፔት አራት ባር። በልቤ ቆጠርኩ፣ ልክ በአምስተኛው ገባሁ። ብቻዬን። ማንም የለም። ከበሮው የለም፣ ክላርኔቱ የለም። ሁሉም ያዩኛል።

ኩሴ ትራምፔቱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ "ያኔ ዘገየህ፣ አሁን ደግሞ ቸኮልክ! ሰውዬ፣ አንተ መቼ ነው የምትደርሰው?" አለኝ።

ወረቀቱን አሳየኝ። ከአራተኛው ባር በኋላ በቀይ እርሳስ፣ በጋሽ ደምሴ ጽሕፈት፦ 4 ባር ዝም። ማሄን ጠብቁ። የክላርኔቱም እንደዛው። የከበሮውም። ሰባቱም ጋ አየሁ፣ አንድ በአንድ። ሁሉም ላይ ስሜ አለ።

ኩሴ ነገረኝ። ከበዓሉ በኋላ ልጆቹ ሲስቁብኝ ጋሽ ደምሴ ተቆጥተዋል። ሸማኔ እንደተቀመጠ አይወረውርም፣ መጀመሪያ ክሩን ያያል፣ ይሄን እኔ ረስቼው ማሄ አስታወሰኝ ብለዋል። የሁሉንም ወረቀት ሰብስበው አስተካከሉ። የኔ ብቻ አልታረመም። ትክክል ነዋ።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

"ስናይህ መንገድ ትሻገራለህ። መኪና ይግጭህ?"

ላጲሱ ያጠፋውን መልሼ ጻፍኩ። 8።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ጥርሴ ያማል። ምህረት ፈተናው ጥሩ ነው አለች። ጥሩ ስትል እጨነቃለሁ። ሽንት ቤት በር ዘግቼ እለማመዳለሁ። ጎረቤት፣ በሬ ገዛችሁ እንዴ ብሎ አስቴርን ጠየቃት።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ። ጠዋት 1፡00

ትናንት አለፈ። ቄሶቹ ከሄዱ፣ ሰው ከበላ በኋላ። ትራምፔት አራት ባር። ከዚያ ዝም። ሰው ሁሉ የተሳሳትን መሰለው። የድንኳኑ ሸራ ብቻ ይማታል። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ገባሁ። ያባቴ መወርወሪያ። ከበሮው ከኔ ጋር ገባ። አልተሳሳትኩም፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ እሱንም ማንም አልሰማውም።

ወ/ሮ ጽጌ እጄን ይዘው አንድ ነገር ብቻ አሉኝ። ደምሴ በየዓመቱ ባሪቶኑን ዘይት ይቀባው ነበር፣ ባለቤቱ ይመጣል እያለ።

ስንመለስ ኩሴ እየቆጠረ ነበር፣ ማን ማንን እንዳስተማረ። እሱ ሙዝ ጫኙን ትራምፔት አስተምሮታል፣ አሁን ቤተ ክርስቲያን ይነፋል። ከበሮ መቺው ምዕራብ ዓባያ ያስተማራቸው ሦስት የሰው ልጆች አሉት። እኔ ጋ ሲደርስ የሚቆጥርበትን ጣት መልሶ አጠፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኩሴ ቀልድ አጣ።

ማታ ምህረት ባሪቶኑን አነሳች፣ ነፋች፣ እንደ ፍየል ጮኸ። አባ አስተምረኝ አለች። እሺ አልኩ። ደስ ብሎኛል፣ ደብተሬ፣ አልዋሽህም። ከዛሬ ጀምሮ፣ ከጥናት በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት።

ግን የራስ ልጅ አይቆጠርም።

የተደረገ፦
1. ባሪቶኑ ተወልውሏል
2. ወረቀቱ ሳጥን ገብቷል፣ በ8
3. ጥርስ፣ ለረቡዕ ቀጠሮ

ያልተከፈለ፦ አንድ ሰው።