ሜዳ ላይ የማይጠራ ስም

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

ከገና ወዲህ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? እኔስ ብዙም አልሰጋሁልሽ፤ ማክሰኞ ማታ በቴሌቪዥን አይቼሻለሁ። ፊትሽ ወዝቷል፣ ጸጉርሽን ተሠርተሻል፣ ሐዘን የተስማማሽ ትመስያለሽ። ፊንታን ግን አልቻለም፤ ገና ድምፅሽን ሲሰማ ተነሥቶ ወደ ጋጣ ወጣ። ባሌን ታውቂው የለ፣ ሆደ ባሻ ነው። እኛም አለን እንበል። ጽሕፈቴ ቢጣመምብሽ ታገሺኝ፣ ጣቶቼ በብርድ ተሰነጣጥቀው ብዕር አልጨብጥ ብለውኛል።

«ባለቤቶቹ ለፈረስ ደንታ የላቸውም፤ ለእነሱ እስኪሰበር የሚነዳ ዕቃ ነው» ስትዪ ሰማሁሽ። ባለቤቶቹ! ያቺ በሩጫው የወደቀችው ባዝራ ግማሿ ያንቺ እንደነበረች ለጋዜጠኛዋ መንገር ረሳሽው መሰለኝ። አባታችን ሲሞት ለሁለታችን ነው የተዋት። እንግዲህ ግማሽሽ የፈረስ ሩጫ ይቁም የሚል መፈክር ይዞ አጥር ሥር ቆሞ ነበር፣ ግማሽሽ ደግሞ ሲሮጥ ነበር ማለት ነው።

ደንታ የላቸውም ያልሽው ግን አባታችንን ጭምር ነው፤ ያ አንገብግቦኛል። አጥር እየዘለለ የሚሮጥ የመሰናክል ፈረስ ሲያሳድግ የኖረ ሰው ነው፣ አንቺንም በዚያው ነው ያስተማረሽ። ረሳሽው? ጠዋት ጠዋት ከቁርሱ በፊት በየጋጣው ገብቶ የእያንዳንዱን እግር በመዳፉ ይዳስስ ነበር። አንዱ እግር ሞቅ ካለው፣ በዚያ ውርጭ የውሃውን ጎማ ይዞ ጣቱ እስኪደነዝዝ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈስበት ይቆያል። ያ ፈረስ ደግሞ፣ ንጉሥ ቢለምነው፣ ለሩጫ አይጫንም። «ውሃ ያስፈለገው እግር ሜዳ አይረግጥም» የሚለውን ከ«አባታችን ሆይ» ቀድመን ነው የያዝነው። ደንታ ማለት እንዲህ ነው እንጂ ካርቶን ላይ ደም የሚመስል ቀለም መቀባት አይደለም።

ፔጊን ያሳደግሻት አንቺ ነሽ፣ አልክድሽም። እናቷ ስትወልዳት ሞተች፤ አንቺም በዚያው ሰሞን ያ የደብሊኑ እጮኛሽ ጥሎሽ እያለቀስሽ መጥተሽ ነበር። ሁለት ተጥለው የቀሩ ፍጥረቶች ተገናኛችሁ። እማድ ቤት ምድጃው ሥር አስተኝተሽ በጡጦ አጠባሻት፣ በአክስታችን ስም ፔጊ አልሻት። ከዚያ ቅጠል ሲረግፍ እንባሽም ደረቀና ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ ያበላኋት፣ እበቷን የዛቅሁት፣ በዝናብ ያወጣኋት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ስደርስ ባልዲዬን እንጂ እኔን አይታኝ አታውቅም። አንቺ በዓመት አንዴ ከመኪና ስትወርጂ ግን ገና ኮቴሽን ሰምታ ታሽካካ ነበር። ይህ ነገር ሲፋጀኝ ኖሯል። አሁን ብነግርሽ ምን ይቀርብኛል?

የአባታችን ሙት ዓመት ዕለት እማድ ቤት የተባባልነውንም አልረሳሁትም። «ስጪኝ፣ ሜዳ ላይ ሣሯን እየበላች ታርጅ። መዝለሉን እሷ አልመረጠችም» አልሽኝ። እኔም «አንቺስ ስትወለጂ ማን ጠየቀሽ?» አልኩሽ። ፈረስ የሚዘለው ስለሚወድ ነው ብልሽ፣ «ታዲያ አለንጋው ለምንድነው?» አልሽ። ሩጫው ቢቀር እነዚህን ሁሉ ማን ያበላቸዋል፣ ሥጋ ቤት ይሄዳሉ ብልሽ፣ «እንግዲያው አትውለዷቸው» አልሽ። የጠቦት ጥብስ በአፍሽ እያለ ነው ይህን ያልሽው፣ ያንን ደግሞ ጨምረሽ እንድትበዪ ያቀረብኩልሽ እኔ ነኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ!

በመጨረሻ ፊንታን ነው የገላገለን። «አንድ ጊዜ ብቻ ትሩጥ፣ በገና ማግስት፣ በእስጢፋኖስ ዕለት፣ ጋላቢው የሽማግሌውን ቀለም ለብሶ። ከዚያ ያንቺ ናት፣ እኔ ራሴ ጭኜ አመጣልሻለሁ» አለሽና ውሉን ሊያስር መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ እጅሽን መታ። እኔንም «ነይ ምቺ እንጂ» አለኝ። እጄ ሊጥ ነበር። አልመታሁም።

በእስጢፋኖስ ዕለት ማለዳ ስልክ ደወልሽ። ጓሮ ነበርኩ። «ሌሊቱን ውርጭ ነበር፣ መሬቱ ድንጋይ ነው፣ ተይ አታስሩጫት። እለምንሻለሁ» አልሽኝ። ሜዳውን የሚያዩት ሰዎች በእግራቸው ዞረው ፈቅደዋል አልኩሽ።  ከዚያ ደግሞ «ምንድነው የሚፈሰው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዘጋሁብሽ። ሥራ ነበረብኛ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሜዳ ላይ ስሟ «የጥቁር ውሃ እመቤት» ነው። ፔጊ የጋጣ ስሟ ነው፣ የጡጦ ስሟ ነው። የጋጣ ስም ሜዳ ላይ እንደማይጠራ በዚህ አገር ሕፃን ያውቀዋል፤ ፈረሱ ራት የመጣ ይመስለዋል፣ ልቡ ይከፈላል። አንዴ የጋጣ ስም ሜዳ ላይ ስለጠራሽ አባታችን በጥፊ ብሎሻል፣ አባታችን ልጅ መትቶ የማያውቅ ሰው። አንቺ ግን የመጨረሻው አጥር ላይ፣ እየመራች ስትመጣ፣ አዎ እየመራች፣ ከነዚያ ጯሂ ጓደኞችሽ መሃል ወጥተሽ «ፔጊ! ፔጊ!» ብለሽ አንባረቅሽ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሰማችሽ። የምትዘልበትን እርምጃ ሳተችው፣ ወደቀች። የሆነው ይኸው ነው።

ለፊንታን «እያነከሰች ስለነበር ነው የጮህኩት፣ ጋላቢው እንዲያቆማት ነው» ብለሽ እንደነገርሽው አውቃለሁ። ጋላቢዋ ዴክላንም እንዳንቺው ያወራል። «ከአጥሩ በፊት ነው የፊት ግራ እግሯ የከዳኝ፣ ጆሮዋስ ወደፊት ነበር፣ ማንንም አልሰማችም» ይላል። በጭንቅላቱ የወደቀ ሰው ነው፤ ያን ዕለት አእምሮው መመለሱን ለማወቅ የገዛ እናቱን ስም እንኳ ሲጠይቁት ነበር። ሰው የሚሰማው እኔን ነው። እዚህ ሁሉም ይወቅ ብዬ ቅዳሴ ስንወጣ ለቄሱም፣ ለጎረቤቱም፣ ለዳቦ ቤቷም ነግሬያለሁ፤ እህቴ ጠርታ ገደለቻት ብዬ። ከእንግዲህ ስትመጪ ሰው ፊቱን ቢያዞርብሽ አትደነቂ።

ያላየሽውን ደግሞ ልንገርሽ። የማይድን ፈረስ ሲገደል ሕዝቡ እንዳያይ የሚጋርዱበት አረንጓዴው መጋረጃ ሲዘረጋ እኔ ውስጥ ነበርኩ። አጥሩን ዘለሽ ስትመጪ ዘበኛው ያዘሽ፤ ወደኔ ዞሮ «ይህችኛዋ ፈረሷ የእኔም ናት ትላለች፣ ላስገባት?» ብሎ ጠየቀኝ። ከእነዚያ ጯሂዎች አንዷ ናት፣ አላውቃትም አልኩት። ስትጮሂ ፔጊ አንገቷን ቀና አደረገች። ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር፣ በዓይኗ ግን ከመጋረጃው ማዶ ነበር የምትፈልገው። ያኔም እንኳ፣ እህቴ፣ ያኔም እንኳ እኔን አላየችም። ለሐኪሙ ቶሎ በል አልኩት።

ልጓሟን ባዶውን ይዤ በሕዝቡ መሃል ተመለስኩ። በማግስቱ ጋጣዋ ሌላ ፈረስ ገባበት፣ እንደ ልማዳችን። ፊንታን በሩ ላይ ያለውን ስሟን አላነሣም ብሏል፤ እኔ ነቀልኩት።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ግን ለወቀሳ ብቻ አይደለም። የሜዳው ሐኪም እግሯን ከፍቶ ሊመረምር ይፈልጋል፤ የቆየ ጉዳት ይኖር እንደሆነ ልይ ይላል። ሬሳዋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ግማሿ ያንቺ ስለሆነች የሁለታችንንም ፈቃድ ይጠይቃል። እኔ እንቢ ብያለሁ። ፊንታን «ለምን? እውነቱ ቢታወቅ እህትሽም ትገላገላለች» እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ ካልመለስኩለት ደግሞ ፊቴን ያየኛል። አንቺም እንቢ በያቸው። በጡጦ ያሳደግሻትን በቢላ ሲዘለዝሏት ልታዪ ነው? እሺ ካልሽ ግን እወቂው፤ ያን ዕለት ጩኸትሽን በስልኩ የቀረጸ ሰው አለ፣ ለጓደኞችሽም ለጋዜጠኛዋም እንዲደርስ አደርጋለሁ። ፈረስ ለማዳን የወጣችው ሴት ፈረስ ገደለች ተብሎ ይነበብልሻል። ዝም ካልሽ ዝም እላለሁ። እህትማማች አይደለን?

እንግዲህ በርቺ። ሞቅ ያለ ልብስ ልበሺ፣ ሳልሽን አትናቂው። ቅድስት ብሪጂት በካባዋ ትጋርድሽ፣ የአባታችን ነፍስ ከፊትሽ ትቅደም። ፊንታን ሰላም ብሎሻል ብዬ አልዋሽሽም፣ ይህን እንደጻፍኩ አያውቅም።

ታላቅ እህትሽ

ልረሳው ነበር። ያን ዕለት ጠዋት በስልክ ስለሰማሽው የውሃ ድምፅ ሐኪሙ ወይም ፊንታን ቢጠይቁሽ፣ ባልዲ እየሞላች ነበር በያቸው። ረጅም ጊዜ ነው የፈሰሰው ካሉሽም፣ ባልዲው ብዙ ነበር በያቸው።