የእድሩ ጡሩምባ

ቢቸና፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ልጁ ዘንድ ሞጣ ስለገባ፣ ዳኛው ጋሽ ሞላ ትናንት እኔ ቤት መጡ። «በጦሩ ኦርኬስትራ ስትነፋ የኖርህ ሰው፣ ለቅሶ መጥራት አያቅትህም» አሉኝ። ስንት ዓመት በሳክስፎን ጃዝ እየተጫወትሁ መኮንኖችን ሳስጨፍር ኖሬ፣ መጨረሻዬ መርዶ መንፋት ሆነ። ሽማግሌ ደጄ መጥቶ እንዴት እምቢ ልበል?

ዛሬ ማለዳ አንዲት ጎረቤታችን አርፈው ጡሩምባውን ይዤ ወጣሁ። አንዱን ድምፅ አስረዝሞ መንፋት ነበር የሚገባኝ። ከንፈሬ አልታዘዝ ብሎኝ ዜማ ጨመርሁበት። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አሳምረው ብቅ አሉና «የማን ሠርግ ነው?» አሉኝ።

ጋሽ ሞላ ቀብር ላይ ሲገላምጡኝ ዋሉ። ጡሩምባውን መልስ ግን አላሉም። እንግዲህ ሌላ ነፊ እስኪገኝ፣ ለሰፈሩ ሰው ዕድሜ ከቄሶቹ ይልቅ አጥብቄ የምጸልየው እኔ ነኝ።