ክሱን አታንሳብኝ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ነህ? ወገብህስ? የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሰህ የዋልክ ቀን ቀጥ ማለት ያቅተኛል ያልከው ነገር ተሻለህ? ዓይንህስ እንዴት ነው፣ አዲሱን መነጽር ማድረግ ጀመርክ ወይስ አሁንም መርፌው ላይ ክር የምታስገባልህ እህቴ ናት? እናቴ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃ ይወጣላታል? ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን ይዟል ወይስ ኳሱን? የፎቁ ተከራዮች ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ስሄድ እውላለሁ፤ በዚህ በኩል ምንም አልሆንኩም። አክስቴም ደኅና ናት። የቀረውን እየጻፍኩልህ ትደርስበታለህ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ እንዳትለኝ። በስልክ አስጨርሰኸኝ አታውቅም። ገና «አባዬ ስማኝ» ስልህ «ካርዴ ሊያልቅ ነው» ትለኛለህ፤ የደወልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ ስልኩን ለእናቴ ታቀብላታለህ፤ እሷም «አባትሽ ያለውን ብሏል፣ ይልቅ ምን በላሽ?» ትላለች። ለእህቴ ጽሑፍ ልኬ ታንብብልህ ብል «የስልክ ፊደል ዓይኔን ያመኛል» አልካት አሉ። እሷ እንድታነብልህ እኮ ነው የላኩት። እንግዲህ ወረቀት ካርድ አያልቅበትም ብዬ ጻፍኩ። ነገ ማለዳ የሚነሳው የአውቶቡስ ሹፌር ከሰኞው የፍርድ ቤት ቀጠሮ በፊት እጅህ ላይ እንደሚያደርስልኝ ነግሮኛል። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሥራዬ ሥራ መፈለግ ሆኗል። ለጥብቅና ቢሮዎች በኢሜይል የላክሁት ማመልከቻ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም፤ አንድም የመለሰልኝ የለም። ስለዚህ እያተምኩ በእግሬ ማድረስ ጀመርኩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ ገና ከበር ስታየኝ ማሽኑን ታበራለች፤ «ዛሬ ደግሞ የትኛውን ቢሮ ልታስጨንቂ ነው?» ትለኛለች። አንዱ ቢሮ በር ላይ ያሉት ጥበቃ «ልጄ፣ እዚህ ቤት በሰዓቱ የሚመጣ አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጠበቆቹ ሳይገቡ እኔ በሩ ላይ ነኝ።

ሌላ ቢሮ ደግሞ ተለማማጅ እንፈልጋለን ብሎ ለጥፎ አየሁና ሮጬ ገባሁ። የተቀበለችኝ ሴት የሥራ ልምድ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። እሱን ፍለጋ እኮ ነው የመጣሁት አልኳት። «እሱስ ልክ ነሽ፣ ግን እኛ የምንፈልገው ልምድ ያላት ተለማማጅ ነው» አለችኝ፣ ሳትስቅ። እኔም ሳልስቅ አመስግኜ ወጣሁና ደረጃው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። ሁሉም የሚሸኙኝ «እንደውልልሻለን» እያሉ ነው። እኔ ደግሞ አምናቸዋለሁ፤ ስልኬን ገላዬን ስታጠብ እንኳ ሳሙናው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። አክስቴ «ይቺ ልጅ ስልክ አግብታለች» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ምን ላድርግ አባዬ? ቢሮ ገብቼ ሳልለማመድ የጥብቅና ፈቃድ አላገኝም፤ ፈቃድ ከሌለኝ ያ ሁሉ የተማርኩት አፌ ውስጥ ይቀራል።

ባለፈው ሳምንት ግን አንዱ ቢሮ እውነትም ደወለ። የአክስቴን መጋረጃ እያጠብኩ ነበር፤ በአረፋ እጄ አንስቼ «አቤት» ስል ድምፄ እንደ ጫጩት ወጣ። አንተ ወገቡን ያጠበብክልኝን የእህቴን ጥቁር ጃኬት ለብሼ ሄድኩ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው መስታወት ስለሆነ ሰዎቹ ሲያወሩ ከንፈራቸው ይታያል፣ ድምፃቸው አይሰማም፤ ዓሣ የማይ መሰለኝ። የጠየቁኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የቢሮው ኃላፊ የሆኑ ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮና እስክሪብቶውን ቀጭ ቀጭ የሚያደርግ ጎልማሳ ጠበቃ። ስለ ውል ጠየቁኝ። የተጻፈውና በቃል የተባለው ሲጋጭ ምን ይደረጋል ሲሉኝ፣ ደንበኞችህ «እኔ እንዲህ ስፋልኝ አላልኩም» እያሉ የሚያደርቁህ ትዝ አለኝና እሱን ምሳሌ አድርጌ መለስኩ። ሴትዮዋ ሳቁ። ከዚያ መቼ መጀመር እንደምችል ጠየቁኝ። አባዬ፣ ያን ጊዜ ጃኬቴን ሰቅዬ እዚያው ሥራ ልጀምር ምንም አልቀረኝም።

ጎልማሳው ጠበቃ «አንድ የተለመደ ነገር ቀርቷል» አለ። አዲስ ሰው ሲቀጥሩ የደንበኞቻቸውን ስም ያነቡለታል፤ እሱ ወይም ቤተሰቡ ከአንዳቸው ጋር ክስ ካለው መናገር አለበት። ጠበቃ በሁለት ወገን መቆም አይችልምና ነው። ስሞቹን እንደ ክፍል አለቃ ይጠራል፤ እኔ በየስሙ «የለም፣ የለም» እላለሁ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ የናንተን ፎቅ የገዛውን፣ ውላችሁ ሳያልቅ ውጡ ያላችሁን፣ እምቢ ስትሉ መተላለፊያውን በቆርቆሮ ያጠረባችሁን ድርጅት ስም ጠራ።

ዝም አልኩ። እሱ ቀና ብሎ አላየኝም፣ የሚቀጥለውን ጠራ። በቃ፣ ያልፍ ነበር። ዝምታው እንዴት ቀላል እንደነበር እስካሁን ይገርመኛል። ግን አላስችል አለኝና «ይቅርታ፣ እነሱን አባቴ ከሷቸዋል» አልኩ። እስክሪብቶው ቀጭ ማለቱን ተወ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው «አባትሽ ልብስ ሰፊው ናቸው እንዴ?» አሉኝ። ለካ እናንተ ድረስ እየተመላለሱ ለድርጅቱ የሚከራከሩት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ችሎት «ክቡር ዳኛ፣ እኔ የሰው ሱሪ ለማሳጠር እንኳ ባለቤቱን አቁሜ እጠይቃለሁ፣ እነዚህ ሱቃችንን ሲያሳጥሩ የጠየቁን የለም» ያልከውን በቃላቸው አሉልኝ። «ዳኛው ሲስቁ እኛን ላብ አጠመቀን» አሉ። ኩራትና ድንጋጤ አንድ ላይ ሲመጣ ምን ፊት እንደሚያሳይ አላውቅም፤ እኔ ያን ፊት ይዤ ተቀመጥኩ።

መናገሬን አመሰገኑኝ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ግን ሊወስዱኝ እንደማይችሉ ነገሩኝ። መዝገቡን አልነካም፣ ጉዳዩ ሲነሳ ከክፍሉ እወጣለሁ ብዬ ለመንኩ። «ልጄ፣ እዚህ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ከወዲያ ክፍል ይማርህ ይላል፤ ምኑን ነው የማትሰሚው?» አሉኝ። ይኸው ነው። ክፉ ሰው አይደሉም አባዬ። ክፉ ቢሆኑ ተናድጄ ይወጣልኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ለአክስቴ «ክሱ ካላለቀ አይወስዱኝም» ብዬ ነገርኳት። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ አክስቴ ወንድሟን እንደምታውቅ እኔም አክስቴን ማወቅ ነበረብኝ። ልብስ ላሰጣ ስወጣ ደወለችልህ። አንተም ነገሩን እንደ ተቀደደ ኪስ አይተህ ወዲያው ጠቀምከው። ስትደውልልኝ ድምፅህ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። «ዳኛዬ፣ አታስቢ፣ ሰኞ ቀርቤ ክሴን አነሳለሁ፤ የተከራዮቹንም ውክልና እመልሳለሁ። እኔ መኪናዬን አዝዬ የትም እሰፋለሁ» አልከኝ። መናገር ስጀምር ካርድህ አለቀ።

አንድ ነገር አልደብቅህም። ደስ አለኝ። እንጀራዬን በልቼ እስክጨርስ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። መስታወቱ ክፍል ውስጥ ራሴን አየሁት፣ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ። ሳህኔን ሳነሳ ግን የፎቁን ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ዚፕና ቁልፍ የምትሸጠው ሴትዮ አንተ ስለፈረምክ ነው የፈረመችው። ፀጉር አስተካካዩ ፍርድ ቤት ሲባል ሆዱን ያመዋል። አንተ ብትወጣ ውክልናውን የሚይዘው ያው ሰዓት ጠጋኙ ነው፤ የሰው ሰዓት ይዞ «ነገ ና» ከማለቱ ብዛት ስሙ ነገ ሆኖ የቀረው ሰውዬ። እሱ ቀጠሮ ቀን ይቀርባል ብለህ ታምናለህ?

በማግስቱ ተመልሼ ሴትዮዋን ለማነጋገር አስፈቀድኩ። አባቴ ክሱን ቢያነሳ ትወስዱኛላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ስለ አባትሽ ጉዳይ ካንቺ ጋር አንዲት ቃል አልናገርም፣ እኔ የሌላው ወገን ጠበቃ ነኝ። ስላንቺ ግን ልንገርሽ» አሉኝ። ቀጥለው ሰኞ አባት ክሱን ቢተው፣ ማክሰኞ ልጅቱ የተከሳሹ ጠበቃ ቢሮ ብትቀጠር፣ ዳኛ ብትሆኚ ምን ትያለሽ አሉኝ። ተገዛች እላለሁ አልኩ። «እኔም ገዛች እባላለሁ። ስለዚህ እንዲያ ከሆነ አሁንም አልወስድሽ፣ ኋላም አልወስድሽ» አሉኝና እስከ በሩ ሸኙኝ።

ገባህ አባዬ? ክሱ ካለ በሩ ይዘጋል፤ አንተ ለእኔ ብለህ ካነሳኸው ጭራሽ በምስማር ይመታል። የምትሰጠኝ ነገር እጄ ላይ አይደርስም። መንገድ ላይ ያልቃል፤ አንተ ሱቅህን ታጣለህ፣ ሰዎቹ አንተን ያጣሉ፣ እኔም ቢሮውን አላገኝ። ይህን ለመንገር ስንቴ ደወልኩ። «አንቺ ሥራሽን ፈልጊ፣ የፍርድ ቤቱን ለእኔ ተይው» አልከኝ። ሕግ የተማርኩት እኔ ነበርኩ እኮ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ምንም ላደርግልህ አለመቻሌ ነው። ሰኞ አጠገብህ ቆሜ አንዲት ነገር ልናገርልህ አልችልም፤ ፈቃድ የለኝም። ፈቃዱን እንዳላወጣ የሚያስገባኝ ቢሮ የለም። ልምጣና ልያዝህ ብል አክስቴ የተከሳሹ ጠበቃ ቢሮ ስትገባ ስትወጣ የሰነበተች ልጅ ችሎት ብትታይ ላንተ አይበጅም ትላለች፤ እሷ ከየት እንዳመጣችው ባላውቅም ልክ ሳትሆን አትቀርም። ትናንት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የሥነ ሥርዓት ሕጉን ከዳር እስከ ዳር ገለበጥኩት። አባት ክሱን እንዳያነሳ ልጅ የምትከለክልበት አንቀጽ የለውም። ስለዚህ መለመን ብቻ ነው የቀረኝ። ከሳሹ አንተ ነህ፣ ቃሉም ያንተ ነው። ክሱን አታንሳብኝ።

ለእኔ አታስብ ማለት አልችልም፤ ታስባለህ። እኔ ግን መዞሬን አልተውኩም። ዛሬም ሦስት ማመልከቻ አትሜያለሁ። ሰኞ አንተ ችሎት በምትገባበት ሰዓት እኔ አንዱ ቢሮ ኮሪደር ላይ ወንበር ይዤ ተቀምጫለሁ። ሁለታችንም ስማችን እስኪጠራ እንጠብቃለን። የኔን ማን እንደሚጠራው አላውቅም፤ ያንተ ሲጠራ ግን አቤት በል።

ታላቅ እህቴን ሳምልኝ፤ ጃኬቷን እንዳላቆሸሽኩባት ንገራት፤ ይህንንም ደብዳቤ መነጽርህን አጣሁት ካልክ እሷ ታንብብልህ። ታናሽ ወንድሜን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገህ ናፍቀሃታል በለው። የፎቁን ሰዎች በየሱቃቸው እየዞርክ ሰላም በልልኝ፤ ይህን ነገር ግን አትንገራቸው፣ ላንተ ብለው ተው እንዳይሉህ። እናቴን ጉልበቷን ስሜያለሁ በላት። ሰኞ ጠዋት ነጩን ሸሚዝህን ትተኩስልህ፤ ከሳሽ ሆነህ ነው የምትሄደው።

የምትወድህ ሁለተኛ ልጅህ

ከአክስቴ ቤት፣ ከኋለኛዋ ክፍል
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ