በግማሽ የተመታ ምስማር

ነሐሴ 3
ጣሪያው ዛሬም አፈሰሰ። ስፌት መኪናዬን ለሦስተኛ ጊዜ ቦታ ቀየርኩላት። ባሌን «ኧረ ምስማሩን አጥብቀው» አልኩት። «ቤቱ ወረቀት የለው፤ ሊያፈርሱ ሲመጡ በምን ልነቅለው?» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያቺው መልስ! ለሳኝ ነው፤ የሰው ግድግዳ ሲያሳምር ይውላል። የኛ ምስማር ግን በግማሽ ተመትቶ ቀረ... ቆርቆሮው ቶሎ ተነቅሎ እንዲጫን።

ነሐሴ 9
ከገበያ ስመለስ በየበሩ ቀይ ቁጥር ተጽፏል። የኔ 47። ያኔ በተባረርንበት ሰፈር ቀይ ቀለም ማለት ይፈርሳል ማለት ነበር። በላምባና በጨርቅ ፈትጌ አጠፋሁት።

ነሐሴ 10
ጉዴ ፈላ! ቁጥሩ የምዝገባ ነው አሉ። ቤት እየለኩ የይዞታ ወረቀት ሊሰጡ ነው... ቁጥር ላለው ብቻ። ለባሌ ነገርኩት። ሳቀ። ሳቁ አንገበገበኝ። ምን ነካኝ?

ነሐሴ 12
ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። መዝጋቢዋ ደግ ናት። «የግራና የቀኝ ጎረቤት ቤቱ የናንተ ነው ብለው ይፈርሙልሽ» አለችኝ። በቀኝ ያለችው ዳቦ ሻጭ ወዲያው ፈረመች። በግራ ግን... ጀነራል። ጡረታ የወጣ ዘበኛ ነው፤ የሾምነው እኛ ነን። እጣቢዬ በደጁ ይፈሳል ብሎ ከተኮራረፍን ሁለት ዓመታችን።

ነሐሴ 13
ጨክኜ ሄድኩ።
«ምን ፈለግሽ?»
«ፊርማ፣ ጋሼ። ቁጥሬ ጠፍቶ...»
«ስትፈትጊው አይቻለሁ።»
«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»
«እንነጋገር ነበር እንዴ?»
አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ብዕሩን ተቀበለኝና ፈረመ። ቀስ ብሎ፣ ስሙን እስከ አያቱ። ስለ እጣቢው ምንም አላለም። ከሰዓት በኋላ የእጣቢውን መውረጃ ቦይ ራሴ በሌላ በኩል ቆፈርኩ። መዳፌ ተላጠ።

ኅዳር 20
ወረቀቱ መጣ! የኔም የባሌም ስም፣ ማኅተም ያረፈበት። ሦስቴ አነበብኩት። ባሌ አንድ ጊዜ አየው፤ መዶሻ ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ።
ጀነራል ከደጁ ጮኸ፦ «ኧረ ምንድን ነው ይሄ ኳኳታ?»
«ምስማር ነው ጋሼ!» አለ ባሌ ከላይ።
«በል እስከ ራሱ ምታው!»
መሰላሉን እንደያዝኩ አለቀስኩ። እስኪመሽ መታ። አንድም አላስቀረም።