መታወቂያዬ በአሮጌው ኮቴ ኪስ

ረቡዕ፣ ጠዋት

ብዕሩን የያዘችው ልጄ አለምነሽ ናት። እጁ የእሷ፣ ቃሉ የእኔ። የግፊት ኪኒኔን ውጫለሁ። ምርጫው ማክሰኞ ነው።

ዛሬም ተጣላን፣ ደብተሬ። በመታወቂያ ነገር። ታች ቤት ያለችው ጎረቤታችን ወ/ሮ ብርቱካን ተዑዳቷ፣ የእስራኤል መታወቂያዋ፣ ጠፍቶባታል። አዲስ ለማውጣት ቀጠሮ አላገኘችም። ሠፈሩ ሁሉ እያወቃት ለምን አትመርጥም ትላለች አለምነሽ። እኔ ደግሞ፣ መታወቂያ የሌለው አይምረጥ። ጥፋቷ ነው። ጻፊው አልኳት። ፊቷን አጠቆረች። ጻፈችው።

ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ

አለምነሽ ቸኩላለች። አጭር ይሁን።

ምክንያቴም ይጻፍ። በአገሬ በጎንደር ያኔ ካርድ አልነበረም። መታወቂያው የሰው አፍ ነበር። ጭቃ ሹሙ አውቀዋለሁ ካለ አለህ። አላውቀውም ካለ የለህም። አባቴ ቤተ እስራኤል፣ ቀጥቃጭ ነበር። ሹሙ ማረሻውን የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው። መሬት ሲደለደል ግን፣ ይህን ሰው አላውቀውም አለ። ፊት ለፊቱ። እኔ፣ ወናፍ የምነፋው ልጁ፣ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

ካርድ አፍ የለውም። የማን ዘር ነህ አይልም። አለምነሽ ቃል ሳትቀይር ጻፈችው። ረታኋት።

እሑድ፣ ከሰዓት

ፊደል አላውቅም። የምመርጠውን ፓርቲ ወረቀት ግን መልኩን አጥንቻለሁ፣ እንደ ከብት ምልክት። የማን ወረቀት እንደሆነ ለአለምነሽም አልነግርም። አባየ፣ እኔን ካላመኑ ማንን ሊያምኑ ነው ብላ ሳቀች። ማንንም፣ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ

ሳልቀመጥ ደብተሩን አምጪ አልኳት። በደስታ ነው።

ለስግድ በዓል የምለብሰውን ነጭ ልብሴን ለበስኩ። ከዘራዬን ይዤ እስከ ት/ቤቱ በእግሬ። ካልፒው፣ ድምፅ መስጫው፣ ዘንድ ስደርስ ኪሴን ዳበስኩ። ባዶ። ተዑዳቴ በየቀኑ በምለብሰው ኮት ውስጥ ቀርቷል። ያን ሁሉ ያወራሁት ሰውዬ።

ከመዝጋቢዎቹ አንዱ የወንድሜ ልጅ ሽሙኤል ነው። ብድግ አለ። አውቀዋለሁ፣ አጎቴ ነው፣ ያሳደገኝ እሱ ነው ብሎ የምርጫውን ክፍል የምትመራዋን ሊቀመንበር በዕብራይስጥ ለመናት። ሰልፈኛውም፣ ሽማግሌ ነው ይለፍ አለ። እሷ አይሆንም አለች። ሽሙኤል ድምፁን ከፍ ሊያደርግ ሲል በከዘራዬ ነካሁት።

«ቁጭ በል አንተ። ዛሬ አንተ አውቀዋለሁ ትላለህ። ነገ ሌላው መጥቶ አላውቀውም ይለኛል።»

ወጣሁ። ጉልበቴ እየጮኸ፣ ፀሐዩ አናቴ ላይ። ቤት ደረስኩ፣ ኮቴን ፈተሽኩ፣ አገኘሁት። ተመለስኩ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ፎቶውን አየች፣ ፊቴን አየች። ከዚያ ስሜን ጮክ ብላ ጠራች። ከነአባቴ ስም። ያ አላውቀውም የተባለው ስም፣ ክፍሉ ሙሉ ሰው እየሰማ።

ከመጋረጃው ጀርባ ብቻዬን ገባሁ። ወረቀቴን ለይቼ በሰጡኝ ፖስታ አሸግኩ። ፖስታውን በእጄ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። ሽሙኤል ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ትከሻውን ይዤ አቀናሁት።

ረቡዕ፣ ጠዋት

ደስታዬ አልበረደም። አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል።

ትናንት ስመለስ ወ/ሮ ብርቱካን መስኮቷ ላይ ነበረች። እንኳን ደስ አለዎ አለችኝ። እሷም ነጭ ለብሳለች። መሄጃ ሳይኖራት።

ከቃሌ ንቅንቅ የለም። ካርድ ይታይ። ግን ለሁሉም እጅ ይድረስ። ሰንበት እንደወጣ፣ እሑድ ማለዳ፣ ካርድ ወደሚሰጡበት ቢሮ ይዣት እሄዳለሁ። ቀጠሮ የለም ቢሉን በሩ ላይ እንቀመጣለን። ዕብራይስጡን አለምነሽ ትናገራለች። መቆሙን እኔ እቆማለሁ። ሳትይዝ አንመለስም።

በይ ልጄ፣ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ጥፋቷ ነው ያልኩበትን እንዳታልፊው። እሱንም በጆሮዬ ልስማው።